ቤክታሺዎች ሺዓ ናቸው? ዓሊን መውደድ ሌላ፣ የሺዓን ሕግ መከተል ሌላ

ሙሪድ_ዘደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ክር የከፈትኩት ሰሞኑን እዚህ ስለ አልባኒያ ቤክታሺዎች አንድ ዜና ተለጥፎ ከሥሩ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ነው። «ሺዓ ናቸው» ያለ አለ። «የኢራን እጅ ነው» ያለ አለ። «የሶሪያዎቹ አለዊዎች እኮ ናቸው» ያለም አለ። ሌላው ደግሞ «ምናቸውም ሙስሊም አይደለም» ብሎ ዘጋው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ቆም ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳነብ ስለኖርኩ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሥሩ እንጀምር። ቤክታሺዎች የሚጠሩባቸው ሐጂ ቤክታሽ ወሊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሱፊ ናቸው። ትውልዳቸው ኾራሳን ነው። ወደ አናቶሊያ የመጡት ቱርክመን ዘላኖች ከሞንጎሎች እየሸሹ ወደ ምዕራብ በሚጎርፉበት ዘመን ነው። ያረፉበት መንደር ዛሬ ሐጂቤክታሽ ተብሎ በስማቸው ይጠራል፣ ቱርክ ውስጥ በኔቭሼሂር ክፍለ ሀገር። መቃብራቸውም እዚያው ነው። በ1240 እነዚሁ ቱርክመኖች በባባ ኢልያስ ስም በሰልጁቅ ሱልጣን ላይ ተነስተው ነበር። አመፁ በብዙ ደም ተደመሰሰ። የድሮ ጸሐፊዎች ሐጂ ቤክታሽን ከባባ ኢልያስ ሰዎች ይቆጥሯቸዋል።

ሰውየው ሺዓ ነበሩ የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም። በስማቸው የሚነገረው ትምህርት ስለ አራቱ በሮች ነው፦ ሸሪዓ (ሕግ)፣ ጠሪቃ (መንገድ)፣ መዕሪፋ (ዕውቀት)፣ ሐቂቃ (እውነት)። በየበሩ አሥር አሥር ደረጃ፣ ድምሩ አርባ። ሱፊ ሸይኽ ዘንድ ለቀራ የአገራችን ደረሳ እነዚህ አራቱ እንግዳ አይደሉም። የነቢዩ አማች የዓሊና ከእሳቸው የሚጀምሩት የ12ቱ ኢማሞች ነገር ጎልቶ የመጣው ኋላ፣ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከየት መጣ? ዋናዎቹ ምንጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሑሩፊዎች ናቸው። ፈድሉላህ አስተራባዲ የሚባል ኢራናዊ የአላህ ምስጢር በፊደል ውስጥ ነው፣ የሰው ፊትም በፊደል የተጻፈ ነው እያለ ያስተምር ነበር። በ1394 የተይሙር ልጅ ሚራን ሻህ አስገደለው። ገጣሚው ነሲሚም በዚሁ እምነት ሐለብ ላይ ቆዳው ተገፎ ሞተ። ተከታዮቹ ሲበተኑ ብዙዎቹ አናቶሊያና ባልካን ውስጥ ቤክታሺዎች ዘንድ ተጠለሉ፣ ትምህርታቸውንም ይዘው ገቡ።

ሁለተኛው ሻህ ኢስማዒል ነው። በ1501 ተብሪዝን ይዞ የሳፈዊድን መንግሥት አቆመ። ኸታዒ በሚል የብዕር ስም በቱርክኛ ግጥም ይጽፍ ነበር። ግጥሞቹ ላይ ራሱን ከዓሊ ጋር አንድ ያደርጋል። ወታደሮቹ ባለ 12 እጥፋት ቀይ ቆብ ያደርጉ ነበር፣ ለ12ቱ ኢማሞች። ቂዚልባሽ የተባሉት በዚያ ነው። አናቶሊያ ውስጥም እጅግ ብዙ ተከታይ ነበረው። የዛሬዎቹ የቱርክ አሌቪዎች በአብዛኛው ከእነዚያ የወጡ ናቸው። ቤክታሺነት በባባ (በመንፈሳዊ መሪ) እጅ ቃል ገብተው የሚገቡበት ጠሪቃ፣ ማለትም የሱፊ ማኅበር ነው። አሌቪነት ግን በዘር ይወረሳል። ሁለቱም ሐጂ ቤክታሽን ይወዳሉ፣ የሚያዜሙትም አንድ ነው።

በዚያው በ1501 ደግሞ የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ ባየዚድ ባሊም ሱልጣንን የሐጂ ቤክታሽ ዛዊያ (የደርዊሾች ማደሪያ) አለቃ አድርጎ እንደሾመ ይነገራል። ቤክታሺዎች ሁለተኛው ፒር (መሥራች አባት) ይሏቸዋል። ሥርዓቱን ያደራጁት፣ ሳያገቡ በዛዊያ የሚኖሩ ደርዊሾችን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። አያችሁ፣ ሻህ ኢስማዒል ከወዲያ ሲጠራቸው ሱልጣኑ ከወዲህ ይይዛቸዋል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቤክታሺዎች ከሺዓ የወሰዱት ስሞቹን፣ የዓሊ ልጅ ሁሰይን የተገደሉበትን የከርበላን ሐዘንና የአህለል በይትን (የነቢዩን ቤተሰብ) ፍቅር ነው። ሕጉን አልወሰዱም። ይህን ሳይለዩ «ሺዓ» ብሎ መጥራት ሁለቱንም ወገን አለማወቅ ነው።

አቡ_ሰልማን

ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድም። በደንብ ጽፈሃል፣ ግን ዋናውን ነገር አለፍከው። እነዚህ ሰዎች አምስት ወቅት ሶላት አይሰግዱም። ረመዳንን አብዛኞቹ አይጾሙም። በስብሰባቸው ወይን ወይም ራኪ ይቀርባል። ይህን ሱፊነት ብለን ስንጠራ የራሳችንን ሱፊዎች ስም እያጎደፍን ነው። የወሎ መሻኢኾች ቁርኣንና ፊቅህ አቅርተው፣ ሌሊቱን በዚክር አንግተው፣ ሱብሒን አሰግደው ነው ዱዓ የሚያደርጉት። ዳናም ሂድ፣ ገታም ሂድ፣ የሸሪዓውን በር ጥዬ ሐቂቃ ደረስኩ የሚል ሸይኽ አታገኝም። እኔ ሰው ይሰደብ፣ ይነካ አልልም፣ አላህ ይጠብቀን። ልዩነቱ ግን በግልጽ ይነገር።

ሙሪድ_ዘደሴ

ጀዛከላህ ኸይር አቡ ሰልማን። ያልከው ልክ ነው፣ ልደብቀውም አልፈልግም። ቤክታሺ ባባ ብትጠይቅ የሸሪዓው በር የመጀመሪያው ነው፣ እኛ ገብተን አልፈናል ይልሃል። ይህ መልስ ለሱኒ ዓሊም አይዋጥለትም። ለሺዓ ዓሊምም አይዋጥለትም፣ ነጥቤም እዚያ ላይ ነው። የሺዓ ትምህርት ማዕከል የሆኑት የቁም ወይም የነጀፍ ከተማ ፈቂህ (የሕግ ዓሊም) ስለ ራኪው ቢሰማ ከአንተ እኩል ነው የሚቆጣው።

ደግሞ ሕግ አልባ ናቸው ማለት አይደለም። የጠበቀ ሕግ አላቸው፣ ሌላ ዓይነት ነው እንጂ። እጅህን፣ ምላስህንና ወገብህን ያዝ ይላሉ። አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ አታመንዝር ማለት ነው። አሌቪዎች ጋ ይህን ያፈረሰ ሰው በማኅበሩ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ይገለላል፣ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ያጣል። ማን ይፈርዳል ካልክ፣ ቃዲ አይደለም፣ ዴዴው ነው። ዴዴ የዘር ሐረጉ ከአህለል በይት የሚቆጠር የሃይማኖት አባት ነው።

ዘይነብ_ኪታብ

ሙሪድ፣ አንድ ቦታ አልስማማህም፣ መጀመሪያ ግን የምስማማበትን ልጻፍ።

ስለ ሺዓ ስናወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የ12 ኢማም ሺዓን ነው። እነሱ ዘንድ ዓሊን መውደድ ብቻውን አይበቃም። በኢማም ጀዕፈር አስ-ሷዲቅ ስም የሚጠራ ሙሉ ፊቅህ አለ። ሶላት፣ ረመዳን፣ ሐጅ፣ ኹምስ (የአምስተኛ እጅ ክፍያ)፣ ሁሉም አለ። 12ኛው ኢማም በ874 ተሰወሩ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ተራ ምእመን በሕይወት ያለ መርጃዕ (ከፍተኛ የሕግ ዓሊም) መርጦ ፈትዋውን ይከተላል። ቤክታሺ መርጃዕ የለውም። ያለው ባባ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደደባባ።

ዓሊን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም ገና ከጥንቱ እዚያው ሺዓ ውስጥ የተወገዘ ነው። አቡል-ኸጣብ የሚባል ሰው ኢማም ጀዕፈርን ወደ አምላክነት ሊያወጣቸው ሲሞክር ኢማሙ ራሳቸው ረግመውታል። እንዲህ ያሉትን ጉላት ይሏቸዋል። ቤክታሺዎች «ሐቅ፣ ሙሐመድ፣ ዓሊ» ብለው ሦስቱን ባንድ እስትንፋስ ሲጠሩ የሺዓ ዓሊሞች የሚያስታውሱት እነዚያን ጉላት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ኢራን ውስጥ የሆነው ነው። ሳፈዊዶች መጀመሪያ የሱፊ ጠሪቃ ነበሩ። ጀማሪው ሸይኽ ሰፊዩዲን በ1334 አርደቢል ላይ ሲያርፉ ሱኒ ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቂዚልባሽ እምነት ዞሩ። ሻህ ኢስማዒል ነግሦ ሺዓን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ ግን ሕጉን የሚያውቅ ሰው ቸገረው። ከሊባኖስ፣ ከጀበል ዓሚል ዓሊሞች መጡ። ሸይኽ ዓሊ አል-ከረኪ ዋነኛው ናቸው። እነሱ የሚያስተምሩት መጽሐፍና ፊቅህ ነው። ቂዚልባሹ ደግሞ ሻሁን እንደ ፍጹም ሙርሺድ የሚያይ፣ ለእሱ ሲል ያለ ጥሩር ወደ ጦርነት የሚገባ ወታደር ነው። ሁለቱ የትም አብረው አይዘልቁም፣ አልዘለቁምም። ቀዳማዊ ሻህ ዐባስ ቂዚልባሾቹን እያዳከመ በጆርጂያ፣ በአርመንና በቼርኬስ ወታደሮች ተካቸው። በ1593 ኑቅጠዊ የሚባሉትን፣ የሑሩፊዎች የቅርብ ዘመዶች፣ አስፈጀ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ሙሐመድ ባቂር መጅሊሲ ሱፊዎችን ከኢስፋሃን አስወጡ። በሱፊ ጠሪቃ የተነሳ ሥርወ መንግሥት መጨረሻው ይህ ሆነ።

አናቶሊያ የቀሩት ግን ይህ ሁሉ አልደረሳቸውም። በኦቶማን ድንበር ተቆርጠው ስለቀሩ የሻህ ኢስማዒልን ዘመን እምነት እንደያዙ ኖሩ። ኢራን በሕግ ሺዓ ሆነች፣ እነሱ በግጥም ቀሩ።

አሁን የማልስማማበት። «ሺዓ አይደሉም» ብለህ ስትጨርስ ሺዓን ለ12 ኢማም ፈቂሆች ብቻ እየሰጠህ ነው። ኢስማዒሊዎችና ዘይዲዎችም የእነሱን ሕግ አይከተሉም፣ ሺዓነታቸውን ግን የሚክድ የለም። ቤክታሺስ ለምን ይከለከላል?

ሙሪድ_ዘደሴ

እህት ዘይነብ፣ ማሻአላህ፣ የሻህ ዐባስን ነገር ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። ጥያቄሽ ከባድ ነው። ግን ዘይዲዎች የራሳቸው ፊቅህ አላቸው። ኢስማዒሊዎች የራሳቸው የኢማም ሐረግ አላቸው። ሁለቱም ከነቢዩ በኋላ ማን ይምራ በሚለው ክርክር ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ቤክታሺዎች ከዚያ ክርክር አልተወለዱም። የተወለዱት ከሸይኽና ከሙሪድ ግንኙነት ነው፣ ኢማሞቹ በኋላ መጥተው መሐሉ ላይ ተቀመጡ። ለዚያ ነው በመጀመሪያ ጠሪቃ ናቸው የምለው።

ዘይነብ_ኪታብ

ዛሬ ያሉትን ሰዎች ግን መነሻቸው ብቻ አይገልጻቸውም። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ለሁሰይን ያለቀሰን ሰው «አንተ መነሻህ ሌላ ነው» ልትለው አትችልም። እዚህ ላይ እንለያያለን፣ ምንም አይደለም።

ታሪክ_ወዳድ

ግራ የገባኝ ነገር አለ። ኦቶማኖች ሱኒ ናቸው። ጃኒሳሪዎቹ ግን ቤክታሺ ነበሩ ይባላል። ሱኒ ሱልጣን እንዴት ነው ዋና ጦሩን ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው?

ሙሪድ_ዘደሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጃኒሳሪዎች ሐጂ ቤክታሽን ጠባቂያችን ይሉ ነበር፣ ባባዎችም በጦር ሰፈራቸው ይኖሩ ነበር። ወታደሮቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከባልካን ክርስቲያን ቤተሰቦች የተወሰዱ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከመድረሳው ፊቅህ ይልቅ የደርዊሹ ዜማ፣ ታሪኩና አብሮ መብላቱ ይቀርበዋል። ቤክታሺዎች በባልካን የተስፋፉትም በዚሁ መንገድ ነው። መንግሥቱም የታወቀ፣ በእጁ ያለ ጠሪቃ ከማይታወቀው ቂዚልባሽ ይሻለው ነበር።

በ1514 ሱልጣን ሰሊም ሻህ ኢስማዒልን ቻልዲራን ላይ ገጠመ። ሰሊም ከዘመቻው በፊት አናቶሊያ ውስጥ ቂዚልባሾችን አስመዝግቦ እንዳስፈጀ ይጻፋል። ጦር ሜዳው ላይ ግን በወዲያኛውም ወገን፣ በወዲህኛውም ወገን ዓሊን የሚጠራ ወታደር ነበር። ጃኒሳሪዎቹ መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው፣ አሸነፉ። እኔ ስለዚያ ቀን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ፍጻሜው በ1826 መጣ። ሱልጣን ዳግማዊ ማህሙድ የጃኒሳሪዎቹን ሰፈር በመድፍ አስደበደበ፣ ጦሩንም አጠፋው። ወዲያው ቤክታሺ ታገደ። ባባዎች ተገደሉ፣ ተሰደዱ። ብዙ ዛዊያ ፈረሰ፣ የተረፈው ነቅሽበንዲ ለሚባለው የሱኒ ጠሪቃ ሸይኾች ተሰጠ።

ቢላል_ኮሎኝ

ሰላም። እኔ የምኖረው ጀርመን ኮሎኝ ነው። የአሌቪዎች የጀርመን ፌዴሬሽን ዋና ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው፣ የሥራ ባልደረቦቼም ውስጥ አሌቪዎች አሉ። ጋብዘውኝ ጀም የሚሉትን ሥርዓታቸውን አይቻለሁ።

ወንድና ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ዴዴው ሥርዓቱን ከመጀመሩ በፊት እርስ በርስ የተቀያየማችሁ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካሉ ቀድመው መታረቅ አለባቸው፣ አለዚያ አይጀመርም። ከዚያ ሳዝ የሚባለውን ባለ ረጅም አንገት ክራር ያነሳሉ። ስለ ዓሊ፣ ስለ ሁሰይን፣ ስለ 12ቱ ኢማሞች ይዘፈናል። በር ጠባቂው፣ ሻማ አብሪው፣ ውኃ አዳዩ፣ 12 አገልግሎት አለ። መጨረሻ ላይ ሴቶችና ወንዶች ቀስ እያሉ እየዞሩ ሰማህ ያደርጋሉ። ከጎኔ የነበሩት አንዲት እናት የከርበላው ክፍል ሲደርስ እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔም አነባሁ።

በሙሐረም 12 ቀን ይጾማሉ፣ ለእያንዳንዱ ኢማም አንድ ቀን። በነዚያ ቀናት ንጹሕ ውኃ አይጠጡም፣ ሁሰይን ተጠምቶ ስለሞተ። ሥጋ አይበላም፣ ቢላ አይነሳም። ሲያበቃ አሹሬ ይቀቀላል፣ ስንዴ፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ የደረቀ ፍራፍሬና ስኳር ያለበት፣ ለጎረቤት ሁሉ ይታደላል። ደረት መምታት፣ ራስን ማቁሰል የሚባል ነገር ግን አላየሁም።

ሺዓ ናችሁ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹ «እኛ የዓሊ መንገድ ነን፣ ከኢራን ጋር ግን ምንም የለንም» አሉኝ። ወጣቶቹ መሐል ጭራሽ ከእስልምና ውጭ የቆመ የራሱ እምነት ነው የሚሉ አሉ። እርስ በርሳቸውም ይከራከሩበታል።

ኡሙ_ሃጀር

ክራር ማለትህ ለእኛ እንዲገባን ነው አይደል? ማሻአላህ፣ አገላለጽህ ደስ ይላል። አንድ የምጠይቀው አለኝ። ወንድና ሴት ባንድነት ሲያመልኩ ብዙ አስቀያሚ ወሬ ይነገርባቸዋል፣ ሻማ ያጠፋሉ ምናምን። እውነት ነው?

ኢስታንቡል_ነዋሪ

እህቴ፣ ያ ውሸት ነው። በአሌቪዎች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የተነዛ ስም ማጥፊያ ነው፣ እነሱን እንደዚህ የሚያሳምማቸው ሌላ ነገር የለም። እኔ ኢስታንቡል ለትምህርት መጥቼ እዚያው ቀረሁ። በእስያው ክፍል ሻህኩሉ ሱልጣን የሚባል ጥንታዊ የቤክታሺ ዛዊያ አለ፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ማየት ይችላል።

ይልቅ የደረሰባቸውን ልንገርሽ። በታኅሣሥ 1978 ማራሽ ከተማ የአሌቪዎች ቤት አስቀድሞ በቀለም ምልክት ተደርጎበት ነበር፣ ከዚያ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ሐምሌ 2 ቀን 1993 ደግሞ ሲቫስ ላይ ለፒር ሱልጣን አብዳል መታሰቢያ የተሰበሰቡ ገጣሚዎች፣ ዘፋኞችና ጸሐፊዎች ያረፉበትን ማዲማክ ሆቴል ሰው ከቦ አቃጠለው። 33 እንግዶችና 2 የሆቴሉ ሠራተኞች ሞቱ። ፒር ሱልጣን ራሳቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ሲቫስ ላይ የተሰቀሉ ገጣሚ ናቸው። አንዳንድ ሱኒ ቤተሰብ አሌቪ ያረደውን አይበላም። እኛ አገር የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ እንደሚባለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ሁለቱም በመታወቂያ ላይ «ሙስሊም» ናቸው።

መንግሥት ጀምኤቪያቸውን (የጀም ቤታቸውን) እንደ መስጊድ አይቆጥረውም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2016 በቱርክ ላይ ፈርዶ ነበር። በ2022 በባህል ሚኒስቴር ሥር አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቋመላቸው፣ ብዙ የአሌቪ ማኅበራት ግን እኛ ባህል ሳንሆን እምነት ነን ብለው አልተቀበሉትም። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ለማነጻጸር ቱርክ ውስጥ እውነተኛ የ12 ኢማም ሺዓዎችም አሉ፣ ካርስና ኢግዲር አካባቢ፣ አዘሪዎች ናቸው። መስጊድ አላቸው፣ ይሰግዳሉ፣ ረመዳን ይጾማሉ። ከአሌቪ ጋር ሁለቱም ስለ ሁሰይን ያለቅሳሉ፣ ኑሯቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ያሲን

የሶሪያ አለዊዎችስ? ስሙም አንድ ነው፣ ዓሊንም ያከብራሉ።

ሙሪድ_ዘደሴ

ያሲን፣ ይህን ክር እንድከፍት ካስገደዱኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። የሶሪያዎቹ ዓረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው። መነሻቸው 9ኛው ክፍለ ዘመን ኢራቅ ነው፣ ሙሐመድ ኢብን ኑሰይር የሚባል የ10ኛውና የ11ኛው ኢማም ዘመን ሰው። ሐጂ ቤክታሽን አያውቋቸውም፣ ጀም የላቸውም፣ ሳዝ የላቸውም። በ1973 ሊባኖስ ውስጥ ኢማም ሙሳ አስ-ሰድር አለዊዎች የሺዓ አካል ናቸው ብለው ተቀበሏቸው። ያኔ ሐፊዝ አል-አሰድ ሶሪያን ይገዛ ስለነበር ፖለቲካም ነበረበት። ቱርክ ውስጥ ሐታይና አዳና አካባቢ የሚኖሩ ዓረብ አለዊዎች አሉ፣ ከአሌቪዎቹ ግን የተለዩ ናቸው።

በመጋቢት 2025 በሶሪያ ባሕር ዳርቻ፣ ላታኪያና ጠርጡስ አካባቢ፣ ከሺህ በላይ አለዊዎች ተገድለዋል። ቤት ለቤት እየተዞረ «አለዊ ነህ ወይስ ሱኒ?» ተብሎ ነው የተጠየቀው። ሰው በእምነቱ ስም እየተለየ በሚገደልበት ጊዜ «ሁሉም አንድ ናቸው» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነገር አይደለም።

አቡ_ሰልማን

በዚህ እስማማለሁ። ደም ሐራም ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ። ሰሓቦችን ይሳደባሉ ወይስ አይሳደቡም? ለእኔ የሺዓነት መለኪያው ይሄ ነው።

ዘይነብ_ኪታብ

ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፣ ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። ቤክታሺዎች ዘንድ ተወላና ተበራ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አህለል በይትን የሚወድን መውደድ፣ ጠላታቸውን መራቅ። ይህ በቀጥታ ከሺዓ የመጣ ነው፣ ሙሪድ እንኳ አይክደውም። በሻህ ኢስማዒል ዘመን ቂዚልባሾች ከዓሊ በፊት የነበሩትን ሦስቱን ኸሊፋዎች በአደባባይ ይረግሙ ነበር፣ ኦቶማኖችን ካስቆጡት ነገሮችም ዋነኛው ነው። ዛሬ በግጥማቸው የምታገኘው እርግማን በአብዛኛው ጦሩ ሁሰይንን በገደለው ኸሊፋ፣ በየዚድ ላይ ነው። የዚድ እነሱ ዘንድ የጨካኝ ገዢ ሁሉ ስም ሆኗል። ፒር ሱልጣንን የሰቀለው ፓሻ፣ ሲቫስ ላይ እሳት የለኮሰው ሰው፣ ሁሉም የዚድ ነው። ከሁሰይን ጎን መሞታቸውን ሲያስቡ በራሳቸው ዕድሜ የሆነውን ያስባሉ።

ስለ ሁሰይን ጎን ካነሳን፣ ከርበላ ላይ ከተሰዉት አንዱ ጀውን ነው፣ የሰሓባው የአቡ ዘር ነጻ የወጣ አገልጋይ፣ ጥቁር ሰው። ሁሰይን ሂድ፣ ራስህን አድን ቢሉት እምቢ ብሎ አብሮ ሞተ። ብዙ የአገራችን ሰው ስሙን አያውቀውም።

ኡሙ_ሃጀር

ሱብሐነላህ። እኛም ጋ እኮ በመንዙማ ፋጢማ፣ ሐሰን፣ ሁሰይን ይወደሳሉ። እናቴ ስታዜም ሰምቻለሁ። ሺዓ ናችሁ ያለን ግን የለም።

አቡ_ሰልማን

ለዚህም ነው ፍቅሩ ብቻውን ሺዓ አያደርግም የምለው። አገራችን ውስጥ ሻፊዒይ ነው፣ ሐነፊይ ነው፣ ሁሉም ሱኒ ነው፣ አህለል በይትንም ይወዳል። ዓሊይ ረዲየላሁ ዐንሁ የሁላችንም ናቸው። በዚህ ነጥብ ከሙሪድ ጋር ነኝ። ቤክታሺን ግን ከወሎ ሸይኾች ጋር ባንድ ረድፍ አላስቀምጥም።

ታሪክ_ወዳድ

አልባኒያስ እንዴት ገባች? ዜናው እኮ ከዚያ ነበር።

ሙሪድ_ዘደሴ

ከ1826 በኋላ ቤክታሺዎች ቀስ በቀስ አንሰራርተው ነበር። በ1925 የአታቱርክ መንግሥት ጠሪቃዎችን ሁሉ በሕግ ዘጋ። ደደባባው ሳሊህ ኒያዚ አልባኒያዊ ነበሩ፣ መንበራቸውን ወደ ቲራና ወሰዱት። አልባኒያ ውስጥ ቤክታሺነት ከአገር ፍቅር ጋር ተጋብቶ ስለቆየ መሬቱ የተመቸ ነበር። ገጣሚው ናይም ፍራሸሪ በ1898 ስለ ከርበላ ረጅም ታሪካዊ ግጥም በአልባንኛ አሳትመዋል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ብዙ ሕዝብ ቶሞር ተራራ ላይ ይወጣል፣ ለዐባስ ኢብን ዓሊ ዚያራ። የሁሰይን ወንድም፣ ከርበላ ላይ ውኃ ሊቀዳ ሄደው እጃቸው የተቆረጠው። ክርስቲያኖችም አብረው ይወጣሉ።

በ1967 ኤንቨር ሆጃ ሃይማኖትን በሙሉ ከለከለ። ዛዊያ ተዘጋ፣ ባባዎች ታሰሩ። እንደገና የተከፈተው ከ1990 በኋላ ነው። በ2023ቱ ቆጠራ ከአልባኒያ ሕዝብ ወደ 5 በመቶው ቤክታሺ ነኝ ብሏል። በመስከረም 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማ ቲራና ውስጥ ለቤክታሺዎች እንደ ቫቲካን ያለ ሉዓላዊ አገር እሰጣለሁ አሉ፣ ወደ 10 ሄክታር መሬት። መሪያቸው ባባ ሞንዲ ተቀበሉ። የአገሪቱ የሱኒ ሙስሊሞች ማኅበር ግን ተቃወመ።

አሁን «የኢራን እጅ» ላሉት። ይህን አገር እሰጣለሁ ያለው የአልባኒያ መንግሥት በመስከረም 2022 በሳይበር ጥቃት ከስሶ ከኢራን ጋር ያለውን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ያቋረጠ ነው። የኢራን ኤምባሲ ሠራተኞችም ከቲራና ወጥተዋል። የዓሊ ሥዕል በቤክታሺው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ብቻ ቴህራን አለችበት አይባልም።

ያሲን

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ቢላል፣ ልጆቻቸው እዚያ ጀርመን ትምህርት ቤት ምን ይማራሉ? ከሙስሊም ልጆች ጋር ነው ወይስ ለብቻ?

ቢላል_ኮሎኝ

ለብቻ ነው። እኛ ባለንበት ክፍለ ሀገር፣ ኖርድራይን-ቬስትፋለን፣ ከ2008 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት የአሌቪ ሃይማኖት ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ አለው። የእስልምናው ትምህርት በ2012 ነው የተጀመረው፣ ከእነሱ በኋላ። የባልደረባዬ ልጅ የአሌቪውን ትማራለች። አያቷ ግን ሁለቱንም ትማር ይላሉ፣ ዓሊን ያለ ሙሐመድ ማወቅ አይቻልም እያሉ። አባትየው አልተስማሙም፣ ክርክሩ እስካሁን አላበቃም።